ቡና ገዢና ወዳጅ

በ2012 ዓ.ም. በመጀመሪያው የኢትዮጵያ «ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ» የቡና ጥራት ውድድር አንደኛ የወጣው የሲዳማው ገበሬ የንጉሤ ገመዳ ቡና በኢንተርኔት ጨረታ በኪሎ ከ400 ዶላር በላይ ተሸጠ። እኔም እንደ ሁላችሁ ደስ ብሎኛል። ግን ጨረታ እንደ ሠርግ ነው፤ ትዳሩ የሚታወቀው ክረምት ሲመጣ ነው።

የውጭ ቡና ቆዪዎች «ከገበሬው ጋር ለዓመታት አብረን ሠርተናል» ሲሉ ሁሌ አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ ገንዘቡ መቼ ደረሰ? እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበት፤ ገበሬው ደግሞ የሚሸጠው እጅ በእጅ ነው። የቡና ማጠቢያ ጣቢያ አንድ ኪሎ የታጠበ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ያህል እሸት ይገዛል። ስለዚህ ጣቢያው ገንዘብ የሚቸግረው ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው፤ ቡናው መርከብ ላይ የሚወጣው ግን ከወራት በኋላ ነው። ጥቅምት ላይ ቀድሞ የሚከፍል ወዳጅ ነው። ማሳው ላይ ፎቶ ተነሥቶ ሄዶ ሚያዝያ ላይ ናሙና የሚጠይቅ ግን ገዢ ነው። ገዢ መሆን ነውር የለውም፣ ስሙን ብቻ አናምታታ።

ይህ ወዳጅነት እኛ ዘንድ አንዴ ተቆርጦ ነበር። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ አብዛኛው ቡና በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል እንዲያልፍ ሲደረግ፣ የአንዱ አቅራቢ ቡና ከሌላው ጋር በአካባቢና በደረጃ ተደባልቆ መሸጥ ጀመረ። ለዓመታት ከአንድ ጣቢያ ሲገዛ የኖረ ቆዪ ያንን ጣቢያ አጣው። እንደ ኦሮሚያና ይርጋጨፌ ያሉ ዩኒየኖችና ሰፋፊ እርሻዎች በቀጥታ መላክ ስለተፈቀደላቸው መንገዱ ጨርሶ አልተዘጋም። ምርት ገበያውን መራገም ይቀላል፤ እኔ ግን አልራገምም። ቀድሞ ገንዘቡን ሲለምን የሚከርም አቅራቢ በሽያጩ ማግስት ሂሳቡ ውስጥ ያገኘው በዚያ ዘመን ነው። አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ቀጥታ ትስስሩን መልሶ ሲከፍት ምንጩ የሚታወቅ ቡና ተመለሰ፣ የዱቤ ጭቅጭቁም አብሮ ተመለሰ።

የወዳጅነቱ ዋና ፈተና የመጣው በ2017 ዓ.ም. ነው። በኒውዮርክ ገበያ የቡና ዋጋ በፓውንድ ከ4 ዶላር አለፈ። ቀደም ብሎ በዝቅተኛ ዋጋ የተፈራረመ ላኪ ወይ ከስሮ ይልካል፣ ወይ ውሉን ያፈርሳል። እዚህ ላይ ሁላችንም ላኪው ላይ እንጮኻለን። ዋጋው ሲወድቅስ? «ጥራቱ ቀንሷል» ብሎ ቅናሽ የሚጠይቀውን የውጭ ገዢ ማን ይጮህበታል? ዋጋ ሲያሻቅብ ተቀራርበው ውሉን የሚያሻሽሉ፣ ሲወርድ ደግሞ ከገበያው በላይ የሚከፍሉ ካሉ፣ የቡና ከረጢቱ ላይ የፈለጉትን ይጻፉ።

ከዚህ ሁሉ የእኛ ሰፈር የት ነው? አዲስ አበባ ውስጥ ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ መንገድ ላይ ባሉት መጋዘኖች ሴቶች ቁጭ ብለው ቡና ሲለቅሙ ይውላሉ። የጠራው ወደ ጅቡቲ ይወርዳል፤ ከውስጡ የወጣው ስባሪና ጥቁር ፍሬ ወደ እኛ ጀበና ይመጣል። ለውጭ ገበያ የሚሆን ቡና አገር ውስጥ እንዳይሸጥ ሕጉ ለረጅም ዘመን ሲከለክል ኖሯል፤ ዶላር ያስፈልጋላ! ከምርታችን ግማሽ ያህሉን የምንጠጣው እኛው ሆነን ሳለ፣ ሌቡና ጀሞ ያለ ቡና ቆዪ «የማን ማሳ ነው?» ቢባል የሚመልሰው የለውም። ኦስሎ ያለው ግን የገበሬውን ስም ከነማሳው ከፍታ ይነግራችኋል።

ይርጋጨፌ ከዚህ በመኪና የአንድ ቀን መንገድ ነው። ክፍያው በብር ነው፣ መርከብ አይጠበቅም፣ ቋንቋውም ቢሆን አያስቸግርም። ጥቅምት ላይ ገንዘብ ይዞ ወርዶ፣ በሚቀጥለውም ጥቅምት እዚያው ደጅ የሚመለስ ቆዪ በክፍለ ከተማችን ካለ ጠቁሙኝ። ውድ ቢሆንም እገዛዋለሁ፤ ሚስቴን ግን እናንተ ታስረዱልኛላችሁ።