ሎካርኖ፦ የዕረፍት ከተማ፣ የእምነት ምስክር

በደቡብ ስዊዘርላንድ፣ ጣሊያንኛ በሚነገርበት በቲቺኖ፣ ሎካርኖ የምትባል ከተማ በማጆሬ ሐይቅ ዳር ትገኛለች። ከኋላዋ የአልፕስ ተራሮች ቆመዋል፤ በሐይቁ ዳር ግን ዘንባባ ይበቅላል። ከዙሪክ በባቡር ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ስለሆነች ባለቤቴና እኔ ከአገልግሎት አርፈን ሁለት ቀን ቆየንባት። በኬብል ካር ወደ ካርዳዳ ወጥተን፣ ሐይቁን ቁልቁል እያየን አብረን ጸለይን።

ልቤን የነካው ግን የከተማዋ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1555 ወንጌልን የተቀበሉ የሎካርኖ ቤተሰቦች፣ «ወይ እምነታችሁን ተዉ፣ ወይ አገር ልቀቁ» ተባሉ። ወደ 100 የሚሆኑ ሰዎች በመጋቢት ከነልጆቻቸው ወጡ። የሳን በርናርዲኖን ተራራ ተሻግረው በግንቦት ዙሪክ ገቡ። በዚያም በርናርዲኖ ኦኪኖ መጋቢያቸው ሆነ፤ የኦሬሊና የሙራልቶ ቤተሰቦችም ከተማዋን በሐር ንግድ ጠቀሟት።

ውድ ባለትዳሮች፣ ዕረፍት የጌታ ስጦታ ነው። እነዚያ ባልና ሚስቶች ግን ይህን ውብ ሐይቅ ለቃሉ ሲሉ ትተውታል። እናንተም ለዕረፍት ስትወጡ አንድ ምሽት ስልካችሁን አስቀምጡና ተጠያየቁ፦ «ቤታችንን ብንለቅ እንኳ የማንለቀው ምንድን ነው?» መልሱንም በአንድነት ወደ ጌታ አቅርቡት።