ከእንጦጦ ማርያም በር እስከ ፓሪስ

እንጦጦ ማርያም በዓል ሲሆን፣ ከበሩ ግራና ቀኝ ተቀምጠው የሚለምኑ አካል ጉዳተኞች አሉ። ሳንቲም ሰጥተን፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ተብለን እንገባለን። ስም አንጠያየቅም። መመጽወት ክፉ ነው አልልም፤ ጓደኝነት ግን አይደለም።

እዚያው ባሕር ዛፉ ውስጥ በማለዳ የሚሮጡትን ሳይ ያየሽ ጌቴና ክንዱ ሲሳይ ትዝ ይሉኛል። ያየሽ በ2016 ክረምት፣ በፓሪስ ፓራሊምፒክ፣ በዓይነ ስውራን የ1500 ሜትር ሩጫ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራ ወርቅ አጥልቃለች። አብሯት የሮጠው መሪዋ ክንዱ ነው። እጆቻቸውን የሚያገናኝ አጭር ማሰሪያ አለ። መሪው ሯጯን መጎተት አይፈቀድለትም፤ የመጨረሻዋንም መስመር ቀድሟት ማለፍ አይችልም። እስቲ አስቡት! ፍጥነቷን መቻል አለበት፣ ግን አይቀድማትም። እርምጃውን ከእርምጃዋ፣ የእጁን ውዝዋዜ ከእጇ ጋር ያስማማል። ይሄ ደግሞ ረጅም ጊዜ አብሮ መዋልን ይጠይቃል፤ መተዛዘን ብቻውን አያመጣውም።

በዚያው ፓራሊምፒክ ስፔናዊቷ ኤሌና ኮንጎስት ማራቶኑን ሦስተኛ ሆና ልትጨርስ ጥቂት ሜትሮች ሲቀሯት፣ እግሩ የተሸማቀቀውን መሪዋን ልትደግፍ ማሰሪያውን ለቀቀች። ከውጤት ተሰረዘች። ዳኞቹ ደንባቸውን ጠበቁ፤ እኔ ግን ከእሷ ጋር ነኝ።

እንጦጦ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ የምትሮጡ ወዳጆቼ፣ ዓይነ ስውር ጎረቤታችሁን ወይም የክፍል ጓደኛችሁን «አብረን እንሩጥ?» ብላችሁ ታውቃላችሁ? ለመጀመሪያው ቀን የጫማ ክርም ማሰሪያ ይሆናል።