ዝናብ የመታቸው ካፕኬኮች



ከዒድ በፊት በተደረገው ባዛር ላይ የተገኛችሁ ሁሉ የእኛን ጠረጴዛ ሳታስታውሱት አትቀሩም። በአንዱ በኩል ነጭና ሮዝ ክሬም የተቀባ ካፕኬክ የሚመስል ነገር ተደርድሮ ነበር። በሌላው በኩል ደግሞ ያበጠ፣ የተሰነጣጠቀ፣ ምንም ያልተቀባ ክምር ነበር። ከፊቱም «ዝናብ የመታቸው፤ 15 ብር» የሚል ወረቀት አቁመን ነበር። ብዙዎቻችሁ ስቃችሁ አለፋችሁ። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ «ይሄንን ለምን አመጣችሁት?» ብላችሁ ጠየቃችሁን። ያን ቀን ግርግር ስለነበር በቅጡ አልመለስንላችሁም። መልሱን እነሆ።

እኛ በአንድ ዶርም የምንኖር አራት እህቶች ነን። ባዛሩ ሲታወጅ የሚገኘው ገንዘብ ለተቸገሩ ተማሪዎች እንደሚውል ተነገረን። የሃንድአውት መግዣ ላጡ፣ ለዒድ ወደ ቤተሰብ መሄጃ ትራንስፖርት ላጠራቸው ማለት ነው። የሌላ ብሎክ እህቶች ሳምቡሳ እናመጣለን፣ ሂና እንሥላለን፣ ሂጃብ እንሸጣለን አሉ። እኛ ዶርም ውስጥ ምድጃ መለኮስ ክልክል ነው። ስለዚህ ያለ እሳት የሚሠራ ነገር ስንፈልግ ከመካከላችን አንዷ ስልኳ ላይ ያየችውን ቪዲዮ አሳየችን። ካፕኬክ ነው ብለን ስናይ ቆየን። ሴትዮዋ አንስታ ውሃ ውስጥ ስትጥለው አረፋ ደፍቆ ሟሟ። ለመታጠቢያ የሚሆን የሚፈላ ኳስ ነበር፤ ኬክ አስመስለው የሠሩት።

ነገሩ ከእንግሊዝ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ሞ ኮንስታንቲን የተባለች ሴት፣ ኋላ የሉሽ ኩባንያ መሥራቾች ከሆኑት አንዷ፣ በግቢዋ ባለች ትንሽ ክፍል ሠራችው። ሐሳቡ የመጣላት አልካ ሴልትዘር ከሚባለው ውሃ ውስጥ ከሚፈላው ክኒን ነበር። እኛም ብንሆን በብርጭቆ ውሃ የሚፈላውን የቫይታሚን ሲ ክኒን እናውቀዋለን። ሥራው አንድ ዓይነት ነው። ቤኪንግ ሶዳና ሲትሪክ አሲድ ደረቅ እስከሆኑ ድረስ በአንድ ሳህን ውስጥ ጎን ለጎን ተኝተው ይኖራሉ። ውሃ ሲነካቸው ግን ይነቃሉ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። የአምቦ ውሃ ሲከፈት የሚፍለቀለቀው ጋዝ ራሱ ነው።

«በግቢያችን የመታጠቢያ ገንዳ የት አለና?» ብለን መጀመሪያ ተሳሳቅን። ሻወሩ ውሃ ከመጣ ራሱ አልሐምዱሊላህ የሚባልበት ቦታ ነው። ግን ሳፋ የሌለው ዶርም የለም። ለብ ያለ ውሃ በሳፋ ሞልቶ፣ አንድ ካፕኬክ ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሹን ጥሎ ቀኑን ሙሉ ከክላስ ክላስ ሲመላለስ የዋለ እግርን መዘፍዘፍ ይቻላል። በዚህ ተስማማን።

የኬሚስትሪዋ ልጅ ስሌቱን በደብተሯ ጀርባ ሠራች። ለአንድ ሞል ሲትሪክ አሲድ፣ ማለትም ለ192 ግራም፣ ሦስት ሞል ቤኪንግ ሶዳ፣ ማለትም 252 ግራም ይበቃል። ሰው ግን በቤቱ የሚሠራው በኩባያ ነው፤ ሁለት ኩባያ ሶዳ፣ አንድ ኩባያ ሲትሪክ አሲድ፣ አንድ ኩባያ የበቆሎ ስታርች። ሶዳው ትንሽ ይተርፋል፤ ጉዳት የለውም። በዚያ ላይ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ የቀለጠ የኮኮናት ዘይትና ጥቂት ጠብታ ሽቶ ጨመርን። ሽቶው አልኮል የሌለበት፣ በዘይት የተዘጋጀ ነው። ከዚያ በሚረጭ ጠርሙስ ውሃ ትንሽ ትንሽ እየነፉ በፍጥነት ማሸት ነው። በእጅ ሲጨበጥ ቅርጹን የሚይዝ፣ እንደ እርጥብ አሸዋ ያለ መሆን አለበት። አንድ ጊዜ አብዝታችሁ ከነፋችሁ እጃችሁ ውስጥ መፍላት ይጀምራል። ይህን በካፕኬክ ወረቀት ውስጥ ጠቅጥቆ ማድረቅ ነው፤ 12 ያህል ይወጣዋል።

ክሬሙ እውነተኛ የኬክ ክሬም ነው። አራት ኩባያ የተፈጨ ስኳር፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የእንቁላል ነጭ ዱቄትና ስድስት ማንኪያ ያህል ለብ ያለ ውሃ ይፈልጋል። ማሽን ያለው በአሥር ደቂቃ ይመታዋል። እኛ ማሽን ስለሌለን በተራ በተራ እየመታን ግማሽ ሰዓት ፈጀብን፤ ክንዳችን ዛለ። ጫፉ ቀጥ ብሎ ሲቆም ፌስታል ውስጥ ከተትነው፣ የፌስታሉን ጥግ በመቀስ ቆረጥን፣ እየጨመቅን ጠመዘዝነው። ክሬሙም ውሃ ስላለበት ቀጠን ካለ ሥሩ ያለውን ያነቃዋል፤ ስለዚህ ወፍራም መሆኑ ግድ ነው። በበነጋው እንደ ድንጋይ ደርቆ አገኘነው። የመጀመሪያዎቹ 24 ካፕኬኮች ማሻአላህ የሚያስብሉ ሆኑ።

ሁለተኛውን 24 የሠራነው ባዛሩ ሦስት ቀን ሲቀረው ነበር። ከዐስር ጀምሮ ዝናቡ አላቋረጠም። በዶርማችን ያልደረቀ ልብስ ተሰቅሏል፣ መስኮቱ አልቦታል፣ ግድግዳው ራሱ እርጥብ ነው። አድርቁ ብለን አልጋ ሥር አስቀምጠናቸው ተኛን። ለፈጅር ስንነሳ አብጠዋል። እርጥበቱ ሌሊቱን ቀስ እያለ ቀስቅሷቸው፣ ጋዛቸውን እየተነፈሱ እንደ ዳቦ ተነፍተው አደሩ። አንዱን አንስተን ሳፋ ውስጥ ጣልነው። ሦስት አራት አረፋ አወጣና ዝም አለ። እንደ ረጠበ ዳቦ ተንሳፈፈ። የሚፈላው ነገር ሌሊቱን ፈልቶ አልቋል።

አዲስ የምንሠራበት ዕቃም ገንዘብም አልነበረንም። ያለንን አዋጥተን ነበር የገዛነው። ጉዳዩ የመጣው እዚህ ላይ ነው።

የአካውንቲንጓ ልጅ ምንም ሳትናገር ክሬም መምታት ጀመረች። ሦስቱን ቀባቻቸው። አስቀምጣ ዞር ስትል ሁላችንም ያየነው ነገር አስደነገጠን። ያበጡት ከደህናዎቹ የበለጠ ኬክ መሰሉ። አናታቸው ከፍ ብሎ፣ ከወረቀቱ ወጣ ብሎ፣ ልክ ከምድጃ እንደወጣ ኬክ። ስንጥቃቸው በክሬሙ ተሸፈነ።

«ማን ያውቃል?» አለች። «ቤቷ ወስዳ ስትጥለው ነው የምታውቀው። ምናልባት ውሃዬ ቀዝቅዞ ይሆናል ትላለች።»

«ደግሞ ለኛ አይደለም እኮ» አለች ሌላዋ። «ለሰደቃ ነው። ገዢዋም አጅሯን ታገኛለች፤ የተቸገረውም ይረዳል። ማን ተጎዳ?»

እውነቱን እንናገር። ይህች «ለሰደቃ ነው» የምትለዋ ቃል ሁላችንንም አለሳለሰችን። ገንዘቡ ለኪሳችን ቢሆን ኖሮ ሐራም ነው ብለን ወዲያው እንተወው ነበር። በራሳችን ጥቅም በር ቢመጣ የምናውቀው ሸይጧን በኸይር ሥራ በር ሲመጣ ሳናውቀው ወንበር ልንሰጠው ደርሰን ነበር። ሁለት ተጨማሪ ቀባን፤ እጃችን በሥራ ላይ ስለነበር ማንም ቁጭ ብሎ አላሰበም።

እስካሁን ዝም ብላ ወረቀት ስትቆርጥ የነበረችው አራተኛዋ ነበረች ያቆመችን። «ኡስታዝ በደርስ ያስተማሩን የእህል ክምሩ ታሪክ ትዝ ይላችኋል?» አለች።

ሁላችሁም የምታውቁት ነው፤ አቡ ሁረይራ ያስተላለፉት፣ ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ ነው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ በአንድ የእህል ክምር አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ክምሩ ውስጥ ሰደዱ፤ ጣቶቻቸው እርጥበት ነካቸው። ባለ እህሉን ምንድነው ይህ ብለው ጠየቁት። ዝናብ መትቶት ነው አላቸው። ታዲያ ሰዎች እንዲያዩት ከላይ ለምን አላደረግኸውም አሉት። የሚያታልል ሰው ከእሳቸው እንዳልሆነም ተናገሩ።

ዝናብ መትቶት ነው። ሰውዬው የዋሸው ነገር አልነበረም፤ ዝናቡንም እሱ አላዘነበውም። ሲጠየቅም እውነቱን ተናግሯል። ጥፋቱ እርጥቡን ከሥር፣ ደረቁን ከላይ ማድረጉ ብቻ ነበር። እኛም በእጃችን የያዝነው ነገር ከሥሩ እርጥብ የመታው፣ ከላዩ ያማረ ነበር። ውጭ ዝናቡ አሁንም ቆርቆሮውን ይደበድባል። ማንም ማንንም አላየም። የአካውንቲንጓ ልጅ ማንኪያ አንስታ የቀባናቸውን አምስቱን ክሬም መፋቅ ጀመረች፤ ሌሎቻችንም ተቀላቀልን።

ከዚያ በኋላ ነው ወረቀቱን የጻፍነው። ሐዲሱ መፍትሔውንም ጨምሮ ይዟል። እህልህን ጣለው አልተባለም፤ ከላይ አድርገው ነው የተባለው። ስለዚህ ያበጡትን ያለ ክሬም፣ ስንጥቃቸው እንደታየ፣ በ15 ብር አቀረብን። ደህናዎቹን በ60 ብር።

ቀላል ነበር ብለን አንዋሻችሁም። የተበላሸውን ማሳየታችን ደህናውንም አስጠረጠረው። አንዲት እህት ካፕኬኩን እያገላበጠች «እነዚህኞቹስ ዝናብ እንዳልመታቸው በምን አውቃለሁ?» አለችን። ልክ ናት። ሁለት ሦስት ሰዎች እንዲህ ብለው ሄዱ። መጨረሻ ላይ ሳፋ አምጥተን፣ ከቴርሞስ ሙቅ ውሃ ቀላቅለን፣ ከደህናዎቹ አንዱን በሰው ፊት ጣልነው። ሲፍለቀለቅ ሕፃናት ከበቡን። ከዚያ በኋላ ነው ገዢ የመጣው። ከዐስር በኋላ የወንድሞች ሰዓት ሲደርስ ደግሞ «ለእናቴ» እያሉ የወሰዱ ነበሩ።

አንድ ነገር ግን አስቀድመን አላሰብንም ነበር። የአንዲት መምህርት ትንሽ ልጅ አንዱን አንስታ ክሬሙን ላሰችው። ክሬሙ ስኳር ስለሆነ ጉዳት አላገኛትም፤ ሥሩን ብትነክሰው ግን ሲትሪክ አሲድና ሽቶ ነው። እናትየዋን ይቅርታ ጠይቀን «አይበላም» ብለን በትልቁ ጻፍን። ይህ ወረቀት ከመጀመሪያው መኖር ነበረበት። ለእኛ ግልጽ የሆነ ነገር ለሁሉ ግልጽ አይደለም። ኬክ ያልሆነን ነገር ኬክ አስመስሎ መሥራት ማታለል ነው ወይ ብለን ማታ ተወያየን። የደረስንበት ይህ ነው፤ ሁለታችን የምናውቀው ከሆነ ጌጥ ነው፤ እኔ ብቻ የማውቀው ከሆነ ማታለል ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ለሙከራ ከጣልነው በቀር 23 ደህና ካፕኬክ ተሸጠ፤ 1,380 ብር። ካበጡት ዘጠኙ ተሸጡ፤ 135 ብር። በድምሩ 1,515 ብር ለኮሚቴው አስረክበናል። 48ቱም በ60 ብር ተሸጠው ቢሆን 2,880 ብር ይሆን ነበር። የአካውንቲንጓ ልጅ ልዩነቱን 1,365 ብር አስልታ ነገረችን፤ ጥቂት ቆይታም «ይሄኛው ግን በረካ አለው ኢንሻአላህ» አለች። የትራንስፖርት ያጡት ሁሉ እንዳልተሸፈኑ ስንሰማ አዘንን። የጎደለውን በሚቀጥለው ባዛር ለመሙላት ነይተናል።

ለመሥራት ለምታስቡ ሁለት ምክር አለን። ዝናብ ባለበት ሳምንት አትሥሩ፤ ከሠራችሁም ወዲያው በሚገጥም ዕቃ ውስጥ ክተቱት። እግራችሁን ከዘፈዘፋችሁ በኋላ ደግሞ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት፤ ውዱእም በንጹሕ ውሃ እንጂ በዚያ ውሃ አይደረግም።

ያልተሸጡት 14 ያበጡ ካፕኬኮች አልጋ ሥር ናቸው። በፈተና ሳምንት ከላይብረሪ ስንመለስ በሳፋ እንጥላቸዋለን። አይፈሉም፤ ውሃውን ግን ያለሰልሱታል፤ ሽታቸውም አለ። አላህ (ሱ.ወ) ከሥራችን ያለውን ከላያችን ካለው ያስተካክልልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።