ሌሊትና ቀን የሚተጋ አገልጋይ መቼ ይረፍ?

በዚህ ዘመን የሰው ጉዳይ አብዛኛው፥ የባንክ ሒሳብ ቢሆን፥ የሆስፒታል መዝገብ ቢሆን፥ በፎቶግራፍ የተነሣ የብራና መጽሐፍም ቢሆን፥ ሰርቨር በሚባል መኪና ውስጥ ተከማችቶ ይገኛል። ሰርቨር ማለት በእኛ ቋንቋ አገልጋይ ማለት ነው፤ ስሙም ከግብሩ ጋራ ተስማምቷል፤ ከቅርብም ከሩቅም የሚመጣለትን ጥያቄ ሌሊትና ቀን ሳይለይ ይመልሳልና። በዚህ መኪና ላይ ተሹሞ ለእያንዳንዱ ሥራ ጊዜና ስፍራ የሚያካፍለው ደግሞ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይባላል፤ ሊኑክስና ዊንዶውስ ሰርቨር ከዚህ ወገን ናቸው። ዛሬ ልንመረምረው የወደድነው ነገር ይህ ነው፤ ይህን ሹም አጥፍቶ እንደ ገና ማስነሣት በእውነት የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ይህ ለካህን ምኑ ነው የሚል ሰው ቢኖር መልስ አለን። እኔ በቅኔ ቤት ሳለሁ ከመምህራን አፍ የተቀበልኋቸው ብዙ ቅኔዎች በብራናም በወረቀትም አልተጻፉም ነበር፤ የተናገሯቸውም ሊቃውንት ዛሬ በአጸደ ነፍስ ናቸው። እነዚያን ቅኔዎች ከቃል ወደ ጽሑፍ መልሼ ያስቀመጥኋቸው በእንዲህ ያለ ሰርቨር ላይ ነው። ስለዚህ የአገልጋዩ መነሣትና መውደቅ የባለሙያ ወሬ ብቻ ሳይሆን የእኔም ጉዳይ ሆነ።

እነዚህን መኪናዎች ከሚጠብቁት አንዱ የእኅቴ ልጅ ነው። በሚሠራበት ቤት ሁለት ባለሙያዎች በዚህ ነገር ይከራከራሉ። አንዱ፥ በየሳምንቱ እሑድ ሌሊት ሁሉም ይጥፋና ይነሣ ይላል፤ ምክንያቱን ቢጠይቁት «ሲነሣ ይሻለዋል» ከማለት በቀር ሌላ የለውም። ሁለተኛው ግን፥ የእኔ ሰርቨር ሦስት ዓመት ሙሉ ሳይጠፋ ቆሟል እያለ ይመካል። ልጁም «አጎቴ፥ እስቲ እርስዎ ይፍረዱ» አለኝ። እኔም ሳልሰማ አልፈርድም ብዬ የነገሩን ሥር እንዲያስረዳኝ አደረግሁ፤ የተረዳሁትንም እነሆ በትምህርት ቤታችን ምሳሌ እጽፈዋለሁ።

መኪናው የሚያውቀውን የሚይዝበት ስፍራ ሁለት ነው። አንዱ ዲስክ ነው፤ እርሱ እንደ መጽሐፍ ነው፥ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም የተጻፈበት አይጠፋም። ሁለተኛው ሚሞሪ ነው፤ እርሱ እንደ ተማሪ ቃል ነው፥ ሥራ ሲጀመር ከመጽሐፉ ተቀድቶ በልብ ይያዛል፥ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ግን ይጠፋል። እንግዲህ በመጽሐፍ ውስጥ ስሕተት ተገኝቶ መምህሩ ፍቆ ቢያርመው፥ አስቀድሞ ቃሉን በልቡ ያጠናው ተማሪ ታረመ ማለት ነውን? አይደለም። መጽሐፉ ቀንቶ ሳለ፥ እርሱ እንደ ገና ቀርቦ እስኪቀጽል ድረስ የቀድሞውን ስሕተት ይዘምራል።

በሰርቨርም ያለው ነገር ይኸው ነው። ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙበት ላይብረሪ የሚባል ጽሑፍ በዲስክ ላይ በታረመ ጊዜ፥ ቀድሞ የተነሡት ፕሮግራሞች በሚሞሪ የያዙትን አሮጌውን ይዘው ይሠራሉ። በ2014 ዓ.ም. (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ) ኦፕን ኤስ.ኤስ.ኤል. በሚባለው የምስጢር መጠበቂያ ላይብረሪ ውስጥ ሃርትብሊድ የተባለ ስሕተት ተገለጠ፤ በእርሱም ባዕድ ሰው ከሰርቨሩ ሚሞሪ ምስጢር ሊቀዳ ይችል ነበር። አዲሱን ጽሑፍ አስገብቶ ፕሮግራሞቹን ዳግመኛ ያላስነሣ ጠባቂ፥ በሩን የዘጋ መስሎት ክፍቱን ትቶት አደረ። ዳሩ ግን ለዚህ የሚበቃው ያን ላይብረሪ የያዙትን ፕሮግራሞች ብቻ ማስነሣት ነው እንጂ መኪናውን በሙሉ ማጥፋት አይደለም። አንድ ተማሪ ቢሳሳት ጉባኤው አይበተንም። ሁሉም ፕሮግራም ማለት ይቻላል የሚይዘው ላይብረሪ ሲታረም ግን፥ አንድ በአንድ ከመፈለግ ሁሉን በአንድነት ማስነሣት ይቀላል።

እንግዲህ መኪናውን በሙሉ ማስነሣት የሚያስፈልግበትን ምክንያት በሦስት እንከፍለዋለን።

መጀመሪያው የከርነል መታረም ነው። ከርነል የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አስኳል ነው፤ በማኅሌትም ብንመስለው መሪጌታውን ይመስላል፥ ሁሉ የሚያነሣውና የሚቀበለው በእርሱ ነውና። እርሱን ለመለወጥ ማኅሌቱ መቆም አለበት። በ2018 ዓ.ም. በመጀመሪያው ወር ሜልትዳውንና ስፔክተር የተባሉ፥ ከፕሮሰሰሩ ከራሱ አሠራር የመነጩ ጉድለቶች በተገለጡ ጊዜ፥ በዓለም ሁሉ ያሉ ጠባቂዎች ሰርቨሮቻቸውን ያስነሡ ዘንድ ግድ ሆነባቸው። ነገር ግን መሪጌታውን በዜማው ላይ ሳለ በጆሮው ሹክ ብሎ ማረም እንደሚቻል፥ ከርነልንም ሳያጠፉ የማረም ጥበብ ተገኝቷል። በ2008 ዓ.ም. የኤም.አይ.ቲ. ተማሪ የነበረው ጄፍ አርኖልድ ክስፕላይስ የተባለውን አወጣ፤ በ2015 ዓ.ም. የወጣው ሊኑክስ 4.0 ይህን የመሰለ ሥርዐት በራሱ ውስጥ ይዞ መጣ፤ ማይክሮሶፍትም በዊንዶውስ ሰርቨር 2025 ሆትፓች በተባለው አገልግሎት፥ በየወሩ የነበረውን የታቀደ ማስነሣት በየሦስት ወሩ ወደ አንድ ጊዜ አወረደው። ሆኖም በሹክሹክታ የሚታረመው ጥቂት ቃል ነው፤ ዜማው ከሥሩ ሲለወጥ ተቀምጦ መማር ግድ ነው።

ሁለተኛው እርጅና ነው። የሚያረጀው ብረቱ ብቻ አይደለም፤ ፕሮግራምም ሳይጠፋ በቆየ ቍጥር ተበድሮ ያልመለሰው ሚሞሪ ይከማቻል፥ የሚቈጥርበትም ስፍራ ይሞላል። ዊንዶውስ 95ና 98 ጊዜን በሚሊሰከንድ የሚቈጥሩበት ስፍራ ባለ 32 ቢት ስለ ነበረ፥ ቍጥሩ በ49.7 ቀን ሞልቶ ወደ ዜሮ ይመለስ ነበር፤ መኪናውም ያን ጊዜ ሥራውን ሊያቆም ይችል ነበር።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝነው የፓትሪዮት ታሪክ ነው። ፓትሪዮት የሚሳይል መከላከያ እንጂ ሰርቨር አይደለም፥ ሕጉ ግን አንድ ነው። በፌብሩዋሪ 25 ቀን 1991 ዓ.ም. በሳዑዲ ዐረቢያ በዳህራን የነበረው መከላከያ 100 ሰዓት ያህል ሳይጠፋ ቆይቶ ነበር። ኮምፒዩተሩ ጊዜን በሰከንድ ዐሥረኛ ይቈጥራል፤ ያች ዐሥረኛ ግን በዜሮና በአንድ ብቻ ስትጻፍ ፍጹም ሆና አትገኝም፥ ጥቂት ይጐድላታል፤ ጉድለቱም በ100 ሰዓት ተጠራቅሞ 0.34 ሰከንድ ያህል ሆነ። በዚህች ቅጽበት ስከድ የሚባለው የኢራቅ ሚሳይል ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ስለዚህ መከላከያው በሌለበት ስፍራ ፈለገው፤ ሚሳይሉም በወታደሮች ማደሪያ ላይ ወድቆ 28 አሜሪካውያን ሞቱ። የአሜሪካ መንግሥት መርማሪዎች በ1992 ዓ.ም. ባወጡት ሪፖርት እንደ ተገለጠው፥ መከላከያውን አጥፍቶ ማስነሣት ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ብቻ የሚፈጅ ነበር። ማስጠንቀቂያም ከጥቂት ቀን በፊት ደርሶ ነበር፤ እጅግ ረጅም ጊዜ ሳያጠፉ ማሠራት እንደሚያዛባ ይናገራል፥ እጅግ ረጅም የተባለው ስንት ሰዓት እንደ ሆነ ግን አይናገርም። የታረመው ፕሮግራም ዳህራን የደረሰው በማግሥቱ ነው። ልክ የሌለው ምክር ሰውን ከሞት እንዳላዳነ ከዚህ እንማራለን። ደግሞም ማስነሣቱ እርማቱ እስኪደርስ ድረስ ማቆያ እንጂ ፈውስ እንዳልነበረ እናስተውል።

ሦስተኛውን ምክንያት ብዙ ሰው ይዘነጋዋል፤ እርሱም መነሣቱን ማወቅ ነው። ሦስት ዓመት ሳይጠፋ የቆመ ሰርቨር በጠፋ ጊዜ መነሣቱን በምን እናውቃለን? በዚያ ዘመን ውስጥ ጠባቂዎች በሚሞሪ ብቻ ለውጠው በዲስክ ያልጻፉት ትእዛዝ ይኖራል፤ ያደረገውም ሰው ምናልባት ሥራ ለቆ ሄዷል። ይህ ሳይጻፍ በአንድ ሊቅ አፍ ብቻ እንደ ቀረ ቅኔ ነው፤ ሊቁ ሲሞት አብሮት ይቀበራል። ኤሌክትሪክ በእኩለ ሌሊት ቢቋረጥ ፈተናው ሳይጠራ ይመጣል። ስለዚህ ጠባቂው ራሱ በመረጠው ሰዓት፥ ግልባጩን በሌላ ስፍራ አስቀምጦ፥ ለተገልጋዮቹም አስቀድሞ ነግሮ ቢያስነሣው ይሻላል፤ ያልተጻፈው ነገር ያን ጊዜ በብርሃን ይታያል።

ፍርዴም ይህ ነው። በየሳምንቱ ይነሣ የሚለው ሰው ምክንያቱን ይናገር፤ ሚሞሪ የሚበላ ፕሮግራም ካለ ስሙን ይጥራ፥ እስኪታረምም ድረስ ያን ብቻ ያስነሣ። የታመመ ሰርቨር በችኰላ ሲጠፋ በሚሞሪው የነበረው የበሽታ ምልክት አብሮ ይጠፋልና፥ አስቀድሞ መዝገቡን መመልከት ይገባል። በሦስት ዓመት የሚመካውም ሰው ትምክሕቱን ይመርምር፤ ከርነሉን በሹክሹክታ ሲያርም ካልኖረ፥ የሦስት ዓመት እርማት ሁሉ በደጅ ቆሞ ቀርቷል ማለት ነው። የቆመበትን ዘመን ከመቍጠር የታረመበትን ቀን መቍጠር ይበልጣል።

ጠባቂ የሆነ ሁሉ፥ የመኪናም ቢሆን የመንጋ፥ ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ለምን ይረፍ? በየስንት ጊዜ ይረፍ? ሲነሣስ ምን ጐድሎት ይገኛል? እነዚህን የመለሰ ሰው አገልጋዩን በከንቱ አያደክመውም፥ ወድቆ እስኪቀርም አይጠብቅም። ለሚጠብቁት ትጋትን፥ ለተጠበቀውም ሀብት መትረፍን እግዚአብሔር ይስጥልን፤ አሜን።