ሸለምጥማጡና የእናቴ ዶሮዎች

በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ዶሮ መጻፍ የሚያስቅ ይመስላል። ብዙዎቻችን ብዕር ስናነሣ ስለ አገር ዕድገት፥ ስለ ፍትሕ፥ ስለ ወጣቱ ኀላፊነት ካልሆነ የጻፍን አይመስለንም። እኔም እስካለፈው ክረምት ድረስ ከነዚሁ አንዱ ነበርሁ። ዳሩ ግን በዚያ ክረምት ወናጎ፥ በእናቴ ጓሮ፥ አንድ ሸለምጥማጥ ያዋረደኝን ውርደት ሳልደብቅ ልናገር።

ወናጎ ከዲላ ወደ ይርጋ ጨፌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከመንገዱ ትንሽ ወጣ ሲሉ ቤቱ ኹሉ በእንሰትና በቡና የተዋጠ ነው፤ ከቡናው በላይ ደግሞ ዋንዛውና ብርብራው ጥላቸውን ዘርግተው ይቆማሉ። በጌዴኦ ምድር እርሻው የት ላይ አልቆ ጫካው የት ላይ እንደሚጀምር እንግዳ ሰው ለይቶ ማወቅ ይቸግረዋል። ይህ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ እኛ የአገሩ ልጆች እጅግ ደስ ብሎን ነበር። ቅርሱን ከአውሬም ጋር የምንካፈለው መሆኑን ግን በዚያን ጊዜ አላሰብሁም።

የዶሮ ጠላት ብዙ ነው። ቀን ቀን ጭልፊት ከሰማይ ይወርዳል፤ ፋሮም በቁጥቋጦ ውስጥ ያደባል። ጭልፊትንስ እናት ዶሮ ራሷ ታውቅበታለች፤ ጥላውን ስታይ ድምፅዋን ለውጣ ትጮኻለች፤ ጫጩቶቹም እየሮጡ እንሰት ሥር ይገባሉ። ሌሊት ግን ዶሮ ምስኪን ናት። በጨለማ እምብዛም ስለማታይ ቆጥ ላይ ከወጣች ወዲያ ራሷን ለማዳን የምትችለው ነገር የለም። ሸለምጥማጥ የሚመጣው በዚያን ጊዜ ነው። ገላው ቀጭንና ረዥም፥ ዛፍ መውጣት የሚችል አውሬ ነው፤ ራሱን ያሾለከበት ቀዳዳ ሌላውን አካላቱን አያግደውም። ዶሮ ቤት ከገባም የሚበላትን አንዷን ብቻ ይዞ ላይሄድ ይችላል፤ የተንጫጫውን ኹሉ ያንቃል።

እናቴ ዘጠኝ ዶሮዎች ነበሯት። የቡናው ገንዘብ የቤቱ ኹሉ ነው፤ የሚመጣው በዓመት አንድ ጊዜ ሲሆን ለማን እንደሚከፈልም አስቀድሞ የታወቀ ነው። የዕንቁላሉ ገንዘብ ግን የእናቴ ነው። ጨው፥ ሳሙና፥ የታናሽ እኅቴ ደብተር ከዚያ ይወጣል። የአገራችን ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 የሚደርስ ዕንቁላል ነው። እስቲ አስቡት፤ ለመታቀፊያ የሚቀረውንም ቀንሱ። እኔ የመሳፈሪያዬ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

አንድ ማታ እናቴ ዶሮ ቤቱን እንድዘጋ አዘዘችኝ። መጽሐፍ ይዤ ስለ ነበር በሩን ገጠም አድርጌ መወርወሪያውን ሳላስገባ ቶሎ ተመለስሁ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ግድም ጩኸት ተሰማ። የስልኬን መብራት አብርቼ ስወጣ ሁለት ዐይኖች ቦግ አሉ፤ ጅራቱ ቀለበት ቀለበት ያለበት አውሬ አንዷን ዶሮ አንቆ ወደ ቡናው ገባ። እኔም ዱላ ይዤ እንደ ጀግና ተከተልሁት። ሁለት ጊዜ ጭቃ ላይ ወድቄ ባዶ እጄን ስመለስ በሩ ወለል ብሎ እንደ ተከፈተ ነው፤ የደነገጡት ዶሮዎች ወጥተው በጨለማው ተበትነዋል። ሲነጋ ከቡናው ሥር ላባ ለቀምን። ከዘጠኙ አራት ቀሩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

ኀፍረቴን በቁጣ ልሸፍን ብዬ፥ «ሥጋ ላይ መርዝ አድርገን እንጨርሰው፤ የሚያድርበትንም የተቦረቦረ ዋንዛ እንቍረጠው» አልሁ። እናቴ ብዙ አልተናገረችም።

«መርዙን የጎረቤት ውሻ ይበላዋል። ዛፉን ብትቆርጠው ቡናው ፀሐይ ይመታዋል። እሱም ቢሆን አይጥ ይበላልናል። ልጄ፥ እኔ ያዘዝሁህ በር እንድትዘጋ ነው» አለችኝ።

የምመልሰው አጣሁ። በማግስቱ ከአንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ጋር ሥራ ጀመርን። እሳቸው ቀርከሃ ሲሰነጥቁ እኔ አቀብል ነበር። ዶሮ ቤቱን በአራት ቋሚዎች ላይ ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ አደረግነው፤ አውሬው እንዳይቧጥጥ በቋሚዎቹ ዙሪያ ልሙጥ ቆርቆሮ ጠቀለልን። ቀርከሃውን ሁለት ጣት በማያሳልፍ አድርገን ገጠምነው፤ በጣራው ላይ ያንዣበቡትን ቅርንጫፎች ብቻ መለመልን፤ ዛፉን አልነካነውም። ለጫጩቶቹ ቀን ቀን የሚደፋባቸው ቅርጫት ተዘጋጀ። ከዚያ ወዲያ እስክመለስ ድረስ መወርወሪያውን ማታ ማታ የማስገባው እኔ ነበርሁ። ሸለምጥማጡ ሁለት ሌሊት መጥቶ ዳናውን ጭቃው ላይ ትቶ ሄደ፤ አንዲት ዶሮ እንኳ አልነካም።

ወደ ዩኒቨርሲቲ በምመለስበት ዕለት እናቴ መሳፈሪያዬን በመሐረብ ቋጥራ ሰጠችኝ። ከአራቱ ዶሮዎች አንዷ አለመኖሯን ያየሁት ከግቢው ስወጣ ነው።

ጓደኞቼ ሆይ፥ እኛ በየስብሰባው ጠላትን ከሥሩ ስለ መንቀል አጥብቀን እንከራከራለን፤ እኔም ከተከራካሪዎቹ አንዱ ነኝ። ነገር ግን ያን ሌሊት እናቴን የጎዳት አውሬው ብቻ አልነበረም። አሁን ከእናቴ ጋር በስልክ ስንገናኝ ከሰላምታ ቀጥሎ የምጠይቃት ማታ ማታ በሩን ማን እንደሚዘጋ ነው። «እኅትህ ትዘጋዋለች፤ እሷ አትረሳም» ትለኛለች።