ዘጠኙ ቤቶችና አንድ ሽማግሌ

ኮሪያውያን የፍልሚያ ጥበብ የሚማሩበትን አዳራሽ «ክዋን» ይሉታል። በአማርኛ «ቤት» ቢባል ከስሜቱ አይርቅም፤ የቅኔ መምህራን ጎንጅ ቤት፣ ዋሸራ ቤት ሲሉ ግድግዳና ጣሪያ ማለታቸው እንዳልሆነ ሁሉ፣ ክዋንም መምህሩንና ከመምህሩ የሚወርደውን ሐረግ ያጠቃልላል።

ዛሬ ዓለም ቴኳንዶ ብሎ የሚያውቀው ጥበብ ከእነዚህ ቤቶች ተወለደ። ሊ ዎን ኩክ እ.ኤ.አ. በ1944 በሴኡል ቾንግ ዶ ክዋንን ከፈቱ። ጃፓን በ1945 ድል ሆና አገሪቱን ስትለቅ ሌሎቹ ተከታተሉ፤ ኋላም ዋና ዋናዎቹ ዘጠኝ ሆነው ተቆጠሩ። የሐረጉ እሾህ ያለው ግን እዚህ ላይ ነው። ሊ ዎን ኩክ ጥበቡን የቀሰሙት ከጃፓናዊው የካራቴ መምህር ከፉናኮሺ ጊቺን ነበር፤ የሶንግ ሙ ክዋን መሥራች ሮ ብዮንግ ጂክም እንዲሁ። ቤቶቹ ያስተምሩበት የነበረው «ታንግ ሱ ዶ» እና «ኮንግ ሱ ዶ» የተሰኘ ስም እንኳ፣ ካራቴ የሚጻፍባቸው የቻይና ፊደላት በኮሪያ አንደበት ሲነበቡ የሚሰጡት ድምፅ ነው። ለ35 ዓመታት የረገጠውን፣ ስሙን ሳይቀር ወደ ጃፓንኛ እንዲለውጥ ያስገደደውን ገዥ፣ አንድ ሕዝብ በመምህርነት መዝገብ ላይ እንዴት ያስፍረው?

በ1950 ጦርነት መጣ፤ የኛዎቹ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ኋላ የዘመቱበት ያው ጦርነት ነው። ቾን ሳንግ ሶፕና ዩን ብዮንግ ኢን የተባሉ ሁለት መሥራቾች ወደ ቤቶቻቸው አልተመለሱም። ደቀ መዛሙርታቸው ቤቶቹን በአዲስ ስም አቆሟቸው።

በ1955 በጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ አሳሳቢነት ቴኳንዶ የሚለው ስም ሲወጣ የዘር ቆጠራውም አብሮ ተቃና። የወለደው አባት ተዘለለና፣ ከሺህ ዓመት በላይ የራቁት የሺላ መንግሥት ጎበዛዝት፣ ሁዋራንጎቹ፣ አያት ሆኑ። ማፈራቸው አያስወቅስም፤ ግን አላስፈላጊ ነበር። ከጠላት የተማሩትን ወስደው፣ እግሩን ከፍ አድርገው፣ ርግጫውን አብዝተው የራሳቸው ያደረጉት እነዚያው መምህራንና ተማሪዎቻቸው ናቸውና።

የአዲሱ ስም ድምፅ ታክዮን ከሚባለው የጥንት ጨዋታ ጋር እንዲቀራረብ ታስቦ የተመረጠ ነበር። የሚገርመው፣ ያን ጨዋታ የሚያውቁት ሰው በዚያው በሴኡል በሕይወት መኖራቸው ነው። በ1893 የተወለዱት ሶንግ ዶክ ጊ ታክዮንን በልጅነታቸው ከኢም ሆ ተምረዋል። ጉልበት እየታጠፈና እየተዘረጋ፣ እግር ሦስት ማዕዘን እየረገጠ፣ ዳንስ በሚመስል ምት የሚካሄድ ነው፤ ተጋጣሚ በድንገት ይጠለፋል፣ ወይም ፊቱ በእግር ይነካል። ሽማግሌው ቀበቶ አልታጠቁም፤ ሐረጋቸውም ከኢም ሆ ወደ ሶንግ የሚል አንድ መስመር ብቻ ነበር።

ቤቶቹ በ1978 ስማቸውን ትተው በአንድ ጥላ ሥር ተጠቃለሉ፤ የሙ ዶክ ክዋኑ ሁዋንግ ኪ ግን አሻፈረኝ ብለው በራሳቸው መንገድ ቀጠሉ። ታክዮን በ1983 የአገሪቱ 76ኛ የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ ተብሎ ሲመዘገብ ሶንግ 90 ዓመት ሆኗቸዋል። እሳቸውም፣ ጨዋታውን በሥርዓት ያደራጀው ተማሪያቸው ሺን ሃን ሱንግም፣ በ1987 በአንድ ዓመት አረፉ። ከዚያ ወዲህ የታክዮን ተማሪዎች በተለያዩ ማኅበራት ተከፍለዋል፤ እያንዳንዱም የሽማግሌውን እርምጃ በትክክል የያዝኩት እኔ ነኝ ይላል።