ከአማን እስከ አዲስ አበባ፤ አውቶሞቢልና ሥነ ጥበብ በካሜራ

አንባቢ ሆይ፤ ከአማን ተነሥተው በቦንጋና በጅማ በኩል 560 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው አዲስ አበባ ለመግባት ያሰቡ እንደ ሆነ፥ ከስንቅዎ ጋር ካሜራዎን ይያዙ። በስልክዎ ያለውም ይበቃል። ፎቶግራፍ ለማንሣትም ዋና ከተማው እስኪደርሱ አይቆዩ። ቡና የጫነው አይሱዙ ሸራውን ለብሶ ሲነሣ፥ ከኋላው የተጻፈበትን ምክር አንብበው ያንሡት። ባጃጁንም በመጋረጃውና በጥቅሱ እንዳጌጠ ያንሡት። ይህም የእጅ ጥበብ ነው፤ ይሁን እንጂ ቀለሙ ሲለቅ አብሮ ይጠፋል።

አዲስ አበባ ሲደርሱ አስቀድመው አሮጌዋን ቮልስዋገን ይፈልጉ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በእንዲህ ያለች ትንሽ መኪና ነበር። ሰማያዊና ነጭ የተቀባችው ላዳ ታክሲ ደግሞ በደርግ ዘመን ከሶቪየት ኅብረት ጋር የነበረንን ወዳጅነት ታስታውሳለች። እነዚህን መኪናዎች እስከ ዛሬ ያቆያቸው የመካኒኮቻችን ብልሃት ነው፤ ሆኖም ለዘለዓለም አይኖሩም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ በኤሌክትሪክ የሚሄዱትም በርክተዋል። እንግዲህ ዛሬ የሚያዩት መንገድ ነገ ታሪክ ነው፤ ያለፈውንም መንገድ ተመልሶ ፎቶግራፍ የሚያነሣ የለም።

ወደ ብሔራዊ ቴአትር ቢሄዱ፥ ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ የቀረጸውን የአንበሳ ሐውልት ያገኛሉ። ታክሲዎች በፊቱ ሲያልፉ አሮጌውንና አዲሱን በአንድ ሥዕል ይይዛሉ። ከዚያም ጣሊያናዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈውን፥ በ1953 ዓ.ም. የተመረቀውን የአፍሪካ አዳራሽ ይጎብኙ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በግንቦት 1955 ዓ.ም. የተመሠረተው በዚሁ አዳራሽ ነው። አፈወርቅ ተክሌ የአፍሪካን ያለፈ፥ የአሁንና የወደፊት ዘመን በሦስት የመስታወት ሥዕሎች አሳይተዋል፤ ስፋታቸውም 150 ካሬ ሜትር ነው። ለመግባት የሚጠየቀውን መታወቂያና ፈቃድ አስቀድመው ያሰናዱ።

አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹ ሲመረቁ ሥራቸውን ለሕዝብ ያሳያል። አይዳ ሙሉነህ በ2003 ዓ.ም. የጀመሩት አዲስ ፎቶ ፌስትም የአፍሪካውያንን ፎቶግራፍ ከሌላው ዓለም ጋር ጎን ለጎን ያቀረበ ትርኢት ነው። አፍሪካን ሌላ ሰው ብቻ እያነሣ ለምን ያሳየናል የሚል ሰው መልሱን ከዚያ ያገኛል።

ሁለት ነገር አይዘንጉ። አንደኛ፥ ሹፌሩን «ጤና ይስጥልኝ» ብለው ሳያስፈቅዱ መኪናውን አያንሡ፤ ጥበቃ ወዳለበትም በር ካሜራዎን አያዙሩ። ሁለተኛ፥ ቀኑን፥ ቦታውንና የመኪናውን ዓይነት ይጻፉ፤ ጽሑፍ የሌለው ፎቶግራፍ ከዓመታት በኋላ ስሙ እንደ ጠፋ ዘመድ ነው።

አማን ዛሬ ከሚዛን ተፈሪ ጋር ተዋሕዳ ሚዛን አማን ትባላለች። ሲመለሱ ያነሡትን ለጓደኞችዎ ያሳዩ፤ ለአይሱዙው ሹፌርም አንድ ቅጂ ይስጡት። አዲስ አበባን የሚያነሣ ብዙ ነው፤ የቡናውን መንገድ ግን የመንገዱ ልጅ ካላነሣው ማን ያነሣዋል?